ማን ይመርመር? የነፍሰ ጡሮች የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ የመጣበት መንገድ

በሚያዝያ 2020 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) አዲስ መመሪያ አወጣ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። መመሪያው ማንኛዋም ነፍሰ ጡር በእያንዳንዱ እርግዝናዋ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ምርመራ ይደረግላት ይላል፤ ከዚህ ነፃ የሚሆኑት ቫይረሱ ከሺህ ሰው በአንዱ እንኳ የማይገኝባቸው አካባቢዎች ብቻ ናቸው። ቫይረሱ ከታወቀ በዚያን ጊዜ 31 ዓመት ሆኖታል፤ የደም ምርመራው ሥራ ላይ ከዋለም 30 ዓመት ገደማ ነው። ቀላል ምርመራ በእጅ እያለ ይህን ያህል ዘመን መጠበቅ ለምን አስፈለገ? የሚዘወተረው መልስ ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ መድኃኒት ስላልነበረ ነው የሚል ነው። ይህ መልስ እውነትነት አለው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ከእርሱ የበለጠ የሚከብደው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የሕክምናው ዓለም ደም ከመመርመሩ በፊት ሴቲቱን መጠየቅ፣ ሳይጠይቃትም አይቶ መገመት ልማድ አድርጎ ኖሯል። በሽታው የሚያሰጋት የትኛዋ ሴት እንደሆነች አስቀድሞ ይወስንና እርሷን ብቻ ይመረምራል። ይህ ልማድ ከሄፓታይተስ ሲ በፊትም ነበረ፤ በየጊዜው ከሽፏል፤ በከሸፈ ማግስትም ለሌላ በሽታ እንደ አዲስ ተጀምሯል።

ነፍሰ ጡሮችን በሙሉ የመመርመር ሐሳብ ከቂጥኝ ጋር የመጣ ነው። ጀርመናዊው አውጉስት ቫሰርማን ከባልደረቦቹ ጋር የቂጥኝን የደም ምርመራ በ1906 ለዓለም አስተዋወቀ። ምርመራው ይኑር እንጂ የበሽታው ስም በጨዋ ሰው ፊት የሚነሳ አልነበረም። የኒውዮርክ ግዛት የጤና ኃላፊ የነበረው ቶማስ ፓራን በ1934 በሬዲዮ ንግግር ሊያደርግ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ጣቢያው ቂጥኝ የሚለውን ቃል እንዳይጠራ ስለከለከለው ንግግሩን ትቶ ቀርቷል። በ1938 ኒውዮርክና ሮድ አይላንድ ነፍሰ ጡር ሁሉ የቂጥኝ ምርመራ እንዲደረግላት በሕግ ደነገጉ፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏቸው። የሕጉ ትልቁ ውለታ ሐኪሙን ከይሉኝታ ማውጣቱ ነበር። የተከበረ ሰው ሚስት ፊት ተቀምጦ ስለ አባላዘር በሽታ መጠየቅ የማይደፍር ሐኪም፣ ደሙን ለሁሉም እኩል ሲቀዳ ማንንም የመጠርጠር ሸክም ከላዩ ወረደለት። ይህን ስል ዘመኑን ማሞገሴ አይደለም፤ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በእነዚያው ዓመታት በተስኪጊ ቂጥኝ የያዛቸውን ድሆች ጥቁር ወንዶች ሕክምና ነፍጎ የበሽታቸውን አካሄድ ይመለከት ነበር። የመርማሪው እጅ ንጹሕ ያልሆነበት ታሪክ መሆኑ ከኋላ ለሚመጣው ክርክር ያስፈልገናል።

ከቂጥኝ የተገኘው ትምህርት በሄፓታይተስ ቢ ጊዜ ተረሳ። የዚህ ቫይረስ ክትባት በአሜሪካ በ1981 ፈቃድ አገኘ። ቫይረሱ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍና ሕፃኑ እንደተወለደ በሚሰጠው መርፌ ሊታገድ እንደሚችል በታይዋን የተደረጉ ጥናቶች አሳይተው ነበር፤ ታይዋን በ1984 ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች የሚወለዱትን ሕፃናት መከተብ ጀመረች። በዚያው ዓመት አሜሪካ የመረጠችው ግን ዝርዝር ማውጣት ነበር። ከእስያ የመጣች፣ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ የምትወስድ፣ ከደም ጋር ንክኪ ያለው ሥራ የምትሠራ፣ ሌላም ሌላም። በዝርዝሩ ውስጥ ያለች ትመርመር፣ ከዝርዝሩ የወጣች ትለፍ ተባለ። አራት ዓመት ቆይቶ በትልልቅ የከተማ ሆስፒታሎች ሲመዘን፣ በዚህ መንገድ የተደረሰባቸው ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከ35 እስከ 65 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ነበሩ። የቀሩት ወይ አልተጠየቁም፣ ወይ ተጠይቀው አልተናገሩም፣ ወይም የሚናገሩት ነገር አልነበራቸውም። ይህ ሦስተኛው ጉዳይ እጅግ ከባዱ ነው። አንደኛውንና ሁለተኛውን ሐኪሙን በማሠልጠን ማሻሻል ይቻል ይሆናል፤ በሽታው እንዴት እንደያዛት ራሷ የማታውቅን ሴት ግን የትኛውም ጥያቄ አያገኛትም። በ1988 መመሪያው ተለወጠና ሁሉም ነፍሰ ጡሮች ይመርመሩ ተባለ። በኤችአይቪም መንገዱ ይኸው ነበር። ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት ከእናት ወደ ልጅ የሚደረገውን መተላለፍ ከ25.5 በመቶ ወደ 8.3 በመቶ እንደሚያወርድ በ1994 ታወቀ፤ ምርመራው ሴቲቱ አልፈልግም ካላለች በቀር ለሁሉም እንዲደረግ የተወሰነው ግን በ2006 ነው።

ሄፓታይተስ ሲ ራሱ ረጅም ጊዜ ስም አልነበረውም። ደም ተሰጥቷቸው ጉበታቸው የሚታመም፣ ሲመረመሩ ግን ሄፓታይተስ ኤም ሆነ ሄፓታይተስ ቢ የማይገኝባቸው ሰዎች በ1970ዎቹ እየበዙ ሲመጡ፣ በሽታው ኤ ያልሆነ ቢ ያልሆነ ሄፓታይተስ ተብሎ ተመዘገበ። በ1989 ማይክል ሃውተንና ባልደረቦቹ ካይሮን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ቫይረሱን ለዩት፤ ሃውተን ከሃርቪ አልተርና ከቻርልስ ራይስ ጋር የ2020ን የኖቤል ሽልማት የተካፈለው በዚህ ሥራ ነው። ከ1990 ጀምሮ የለጋሾች ደም መመርመር ጀመረ። በ1998 ሲዲሲ ማን ይመርመር ለሚለው ጥያቄ ሰፊ መመሪያ ሲያወጣ እንደገና ወደ ዝርዝር ተመለሰ፤ ነፍሰ ጡሮችንም በመደበኛነት መመርመር አያስፈልግም ከሚላቸው ወገኖች ጋር በግልጽ መደባቸው። ለዚያን ጊዜው ውሳኔ ፍትሐዊ እንሁን። የነበረው ሕክምና ኢንተርፌሮን ከሪባቪሪን ጋር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዓመት ሊሞላው ይቀርባል፤ ታማሚውን ያሠቃያል፤ ከግማሽ የሚበልጡትን ሳይፈውስ ይቀራል፤ ሪባቪሪን ደግሞ ፅንስን ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር ጨርሶ አይሰጥም። ይሁን እንጂ መመሪያው ሲጻፍ የዝርዝሩን ከንቱነት የሚያሳይ ማስረጃ ከአትላንቲክ ማዶ፣ ከአየርላንድ፣ ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

የአየርላንዱ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ የእናቶች መርፌ ነው። በእኛ አገር ሾተላይ የሚባለው ችግር፣ በሕክምናው አነጋገር የእናትና የፅንስ ደም አለመጣጣም፣ በብዙ ቤት ሐዘን ያስከተለ ነው። የእናቲቱ ደም አርኤች ኔጋቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ የእናቲቱ ሰውነት የሚቀጥለውን ፅንስ ደም የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል። ፀረ ዲ የተባለው መርፌ ከወሊድ በኋላ ሲሰጥ ይህን ያስቀራል፤ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የእናቶች መድኃኒቶች አንዱ ነው ብል አላጋነንኩም። የሚሠራው ከሰው ደም ፕላዝማ ነው። የአየርላንድ የደም አገልግሎት ቦርድ መርፌውን በአገር ውስጥ ያዘጋጅ ነበር። በ1976 ከፕላዝማ ለጋሾቹ አንዷ ራሷ ነፍሰ ጡር ሆና በሕክምና ላይ ሳለች ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ሄፓታይተስ ነው ተባለ፤ ፕላዝማዋ ግን ለመርፌው ማዘጋጃ መዋሉ አልቆመም። መርፌው ከተሰጣቸው ሴቶች መካከል የታመሙ እንዳሉ በ1977 ለቦርዱ ሪፖርት ደረሰው። በ1991 መጨረሻ ደግሞ ከለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል፣ ከዚያ ዘመን የቀሩት ናሙናዎች ሄፓታይተስ ሲ እንደተገኘባቸው የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ለሕዝብ የተነገረው ግን በየካቲት 1994 ነው።

ጉዳዩ ገሃድ የወጣበት መንገድ ለዚህ ጽሑፍ ዋና ማስረጃ ነው። አየርላንድ በ1991 የለጋሾችን ደም በሙሉ ለሄፓታይተስ ሲ መመርመር ስትጀምር፣ በኮርክ ከተማ ቅርንጫፍ የምትሠራው ዶክተር ጆአን ፓወር ቫይረሱ የተገኘባቸው ለጋሾች መዛግብት ላይ አንድ የሚመሳሰል ነገር አስተዋለች። የደም ዓይነታቸው አርኤች ኔጋቲቭ የሆነ፣ ልጅ የወለዱ ሴቶች ይበዙ ነበር። ዕፅ በመርፌ አልወሰዱም፤ የዝርዝሩን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ቢጠየቁ ለሁሉም አይደለም ብለው በእውነት ይመልሱ ነበር። የጎዳቸው መውለዳቸውና የሚቀጥለውን ልጅ እንዲያድን ተብሎ የተሰጣቸው መርፌ ነው። ያገኛቸውም ማንንም ሳይለይ ለሁሉም የተደረገው የደም ምርመራ ነው። ከ1994 በኋላ መርፌውን የወሰዱ ሴቶች ሁሉ እንዲመረመሩ ጥሪ ተደረገ። በ1999 የታተመ ጥናት እንደመዘገበው ከተመረመሩት 62,667 ሴቶች 704ቱ ቫይረሱ እንደነካቸው የሚያሳይ ምልክት በደማቸው ተገኘ፤ በ390ዎቹም ቫይረሱ ከ17 ዓመት ገደማ በኋላ በሕይወት ነበረ። ከእነዚህም የጤና ሁኔታቸው በዝርዝር ከታየው አብዛኞቹ ድካም ነበረባቸው። ይህን ድካም ለዓመታት የልጅ ማሳደግ ድካም ነው ተብለው፣ ራሳቸውም ነው ብለው አምነው እንደኖሩ ማሰብ ይከብዳል።

ብሪጂድ ማኮል የአሥራ ሁለት ልጆች እናት፣ የዶኒጎል አውራጃ ሰው ነበረች። በ1977 በተሰጣት መርፌ ቫይረሱ ያዛት። ቦርዱንና መንግሥትን ስትከስ በምስጢር ስም እንድትሟገት ፍርድ ቤቱን ጠየቀች፤ አልተፈቀደላትም። በጥቅምት 1996 ሞተች። በዳኛ ቶማስ ፊንሌ የተመራው አጣሪ ጉባኤ በ1997 ባወጣው ሪፖርት የቦርዱን ጥፋት በዝርዝር አስቀመጠ። በምሥራቅ ጀርመንም በ1978 እና በ1979 በተመሳሳይ የተበከለ ፀረ ዲ 2,867 ሴቶች ተወግተዋል። ማኮል ስሟ እንዲደበቅ መጠየቋን አጥብቄ የማነሳው በምክንያት ነው። ጥፋቱ ፈጽሞ የእርሷ ያልሆነ፣ በመንግሥት መርፌ የታመመች እናት እንኳ የበሽታውን ስም ከስሟ ጋር አደባባይ ማውጣት ከከበዳት፣ ሌላዋ ሴት በክትትል ክፍል ውስጥ በሁለት ደቂቃ ምስጢሯን ትናገራለች ብሎ መጠበቅ ምን ዓይነት ሐሳብ ነው?

አሜሪካ ከዚህ አልተማረችም። በ2012 ሲዲሲ በዝርዝሩ ላይ ዕድሜን ጨመረ፤ ከ1945 እስከ 1965 የተወለደ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ይመርመር አለ። ውሳኔው ብዙ አረጋውያንን ጠቅሟል። ሆኖም በ2012 ከእነዚህ ሰዎች ወጣቱ 47 ዓመት ይሆነዋል፤ የመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉት ሴቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚህ የዕድሜ ክልል ውጭ ቀሩ። ቫይረሱ በዚያው ጊዜ ወደ እነርሱ እየሄደ ነበር። የኦፒዮይድ መድኃኒት ሱስ በተስፋፋባቸው በኬንታኪ፣ በቴነሲ፣ በቨርጂኒያና በዌስት ቨርጂኒያ ዕድሜያቸው ከ30 ባልበለጠ ወጣቶች ላይ አዲስ የሚያዙት ቁጥር ከ2006 እስከ 2012 በ364 በመቶ ጨመረ። በመላው አሜሪካ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች የሚወለዱት በ2009 ከሺህ ሕፃናት 1.8 ነበሩ፤ በ2014 3.4 ሆኑ። በዌስት ቨርጂኒያ በዚያው በ2014 ከሺህ 22.6 ደርሰው ነበር። እነዚህም የተመረመሩት ብቻ ናቸው። ኬንታኪ ሲዲሲን ሳትጠብቅ በ2018 ነፍሰ ጡር ሁሉ እንድትመረመር ሕግ አወጣች።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያውና ክብደት ያለው፣ በእርግዝና ላይ የሚሰጥ የተፈቀደ ሕክምና ሳይኖር መመርመር ሴቲቱን ከማስጨነቅ በቀር ምን ይጠቅማል የሚለው ነው። ዊልሰንና ዩንግነር በ1968 ለዓለም ጤና ድርጅት የጻፉት የልየታ ምርመራ መስፈርትም ሕክምና የሌለውን በሽታ አትፈልጉ ይላል። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፤ ለኤችአይቪ መድኃኒት አለ፤ በሄፓታይተስ ሲ ግን መተላለፉን የሚያግድ ነገር እስካሁን በእጃችን የለም፤ በቀዶ ሕክምና ማዋለድም አያግደውም። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ስሕተቱ ምርመራው የሚጠቅመው ለፅንሱ ብቻ ነው ብሎ መነሣቱ ላይ ነው። ሶፎስቡቪር የተባለው መድኃኒት በ2013 መጨረሻ ከተፈቀደ ወዲህ ይህ በሽታ በ8 ወይም በ12 ሳምንት የሚዋጥ ክኒን ከመቶ ከ95 በላይ ታማሚዎችን የሚፈውስ ሆኗል። እናቲቱ ከወለደች በኋላ ትድናለች፤ ለሚቀጥለው እርግዝናዋ ቫይረሱ አይኖርም። ለብዙ ወጣት ሴቶች የእርግዝና ክትትል ከጤና ተቋም ጋር የሚገናኙበት ብቸኛ ጊዜ ነው። እናት የልጇ ማኅደር ብቻ ተደርጋ ስትታይ ለራሷ የሚሆነው ጥቅም ከሚዛኑ ይወጣል፤ ለሠላሳ ዓመት የሆነውም ይህ ነው። ለልጁም ቢሆን ጥቅም አለ። ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱት ከመቶ ስድስት ያህሉ ይያዛሉ፤ እናቲቱ ኤችአይቪም ካለባት ቁጥሩ ወደ እጥፍ ይጠጋል። የተያዘው ልጅ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ መታከም ይችላል፤ የእናቱ ሁኔታ ካልታወቀ ግን ልጁን የሚፈልገው የለም። ጡት ማጥባትም አይከለከልም፤ የጡቷ ጫፍ ሲሰነጠቅና ሲደማ ብቻ ለጊዜው ታቆማለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ረጅም መልስ አይሻም። ደሙ ለሌሎች ምርመራዎች እንደሆነ ይቀዳል፤ የሚጨመረው የአንድ ምርመራ ዋጋ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ ነው። ምርመራ ሴቶችን ማጥመጃ ሊሆን ይችላል። ይህ ስጋት ከሐሳብ የመጣ አይደለም። በደቡብ ካሮላይና ቻርልስተን ከተማ ያለ የመንግሥት ሆስፒታል ከ1989 ጀምሮ የነፍሰ ጡሮችን ሽንት ለኮኬይን እየመረመረ ውጤቱን ለፖሊስ ይሰጥ ነበር፤ ሴቶች ታሰሩ፤ ከታሰሩት አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 ሴቶቹ ሳይፈቅዱ የተደረገው ይህ ምርመራ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ሲል ወሰነ። ሄፓታይተስ ሲ በመርፌ ከሚወሰድ ዕፅ ጋር ስለሚያያዝ፣ ውጤቱ ልጅ ለመንጠቅ እንደ ማስረጃ ይውላል ብላ የምትፈራ ሴት ፍርሃቷ ምክንያት አለው። ስለዚህ ፈቃድ ሳይጠየቅና ምስጢር ሳይጠበቅ የሚደረግን ምርመራ አልደግፍም። ግን ቻርልስተንን በደንብ ለተመለከተው፣ የተደረገው ለሁሉም የሚሆን ምርመራ አልነበረም። ማን ትመርመር የሚለው በሠራተኞቹ ዓይን የሚወሰን፣ በዝርዝር የሚመረጥ ነበር። ሴቶቹን የጎዳው መመረጣቸው ነው። ሁሉም ሲመረመር፣ ተመርምራለች የሚለው ወሬ ስለ ማንም ምንም አይናገርም።

ለይቶ መምረጥ አንድን ሕዝብ እንዴት እንደሚያቆስል አማርኛ ተናጋሪዎች በቅርብ የሚያውቁት ነው። በጥር 1996 የእስራኤሉ ማዓሪቭ ጋዜጣ የአገሪቱ የደም ባንክ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱትን ደም በኤችአይቪ ስጋት ሳይነግራቸው ይጥል እንደነበር አጋለጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጥተው ተቃወሙ። እያንዳንዱን ደም ለብቻው መርምሮ ማወቅ እየተቻለ፣ በትውልድ አገሩ ብቻ የሰው ደም መጣሉ ነበር ያስቆጣቸው። ቁጣው ተገቢ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጥያቄው በሌላ መልክ ይነሣል። በጤና ጣቢያዎቻችን ለነፍሰ ጡር የኤችአይቪ ምርመራ የተለመደ ሆኗል፤ ከ2013 ጀምሮም ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር የበሽታው ደረጃ ሳይጠበቅ የዕድሜ ልክ መድኃኒት ትጀምራለች። ከጉበት ቫይረሶች በእኛ አገር ጫናው የሚበዛው የሄፓታይተስ ቢ ነው። ብዙ ቤተሰብ የወፍ በሽታ ብሎ ወደ ቅጠል ቀጣፊ የሚወስደው ሕመም ጀርባ ይኸው ቫይረስ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ቢ ይቅደም፤ ሕፃኑ እንደተወለደ በሚሰጥ ክትባት ይታገዳልና። ሲን በተመለከተ በየአካባቢው ያለውን ስርጭት አጥንቶ ከፍ ያለበትን ቦታ ማስቀደም ይቻላል። ቦታ መምረጥና ሴት መምረጥ ግን አንድ አይደሉም። አንድ ወረዳ ከተመረጠ በዚያ ወረዳ ለክትትል የምትመጣ እናት ሁሉ፣ የመምህሯም የቡና ቤት አስተናጋጇም፣ በአንድ ወንበር ተቀምጣ ደም ትስጥ።

ለሁሉም ይደረግ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። በፊላደልፊያ ከተማ ከ2011 እስከ 2013 ሄፓታይተስ ሲ እንዳለባቸው ከታወቁ እናቶች የተወለዱ 537 ልጆች መዝገብ ሲታይ፣ በሚገባ ተመርምረው የተገኙት 84ቱ፣ ከመቶ 16 ያህሉ ብቻ ነበሩ። አንዱ ምክንያት የምርመራው ጊዜ ነው። የእናት ፀረ እንግዳ አካል በልጁ ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ስለሚቆይ፣ ያን ያህል ይጠበቅ ተብሎ ነበር የሚመከረው። በ18 ወር ውስጥ ደግሞ እናት ቤት ትቀይራለች፣ ሐኪም ትቀይራለች፣ ቀጠሮው ይረሳል። ሲዲሲ በ2023 ይህን ለወጠና ቫይረሱን ራሱን የሚያየው ምርመራ ልጁ ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ እንዲደረግለት መከረ፤ እናቲቱ ለክትባት ይዛው ወደ ጤና ተቋሙ በምትመላለስባቸው ወራት ማለት ነው።